የአባቴ ጠመንጃ ነው ብዬ ልግዛው?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማታ ከሥራ ስመለስ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ53 ዓመት ሰው ነኝ። የምንኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ውስጥ ነው። አሜሪካ ከገባሁ 24 ዓመቴ ነው፤ ዜግነትም አግኝቻለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

አባቴ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1944 ዓ.ም. ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። ልጆች ሳለን ማታ ማታ ስለ ኮሪያ ያወራልን ነበር። ከሁሉ አብዝቶ የሚያወራው ስለ ብርዱና ስለ ጠመንጃው ነው። «ኤም ዋን» ይለዋል። ስምንተኛዋ ጥይት ስትወጣ «ቅጭል!» ይላል እያለ በምላሱ ያሰማን ነበር። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠማማ ነበር። «ኤም ዋን ነክሶኝ ነው» ሲለን እንስቃለን። ቤታችን ውስጥም አንድ ጠመንጃ ነበር፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አላስታውስም። በ1969ኙ አሰሳ መጥተው ወሰዱት። አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በ2012 በኮሮናው ጊዜ አረፈ። ጉዞው ሁሉ ተዘጋግቶ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም። ቀብሩን ያየሁት በስልክ ነው።

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማስታወቂያ ላከልኝ። «ከኢትዮጵያ የመጣ ኤም ዋን ካርባይን» ይላል፣ ዋጋው 1,200 ዶላር። ለካ ከሀገራችን መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች እዚህ መጥተው ይሸጣሉ! ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ የነካው ቢሆንስ?

ባለቤቴ አይሆንም ብላለች። «እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አለችኝ። ወንድሟ ደብረ ታቦር ሠርግ ላይ በተተኮሰ ጥይት ነው የሞተው። ግን ያ የሀገር ቤት ነገር ነው፤ እዚህ ሕግ አለ። ደግሞ በቅርቡ ሌባ የጎረቤታችንን ጋራዥ ሰብሮ ገብቷል፤ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ቢኖር አይከፋም። ትልቁ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ከአምና ጀምሮ የቅርጫት ኳሱን ትቶ ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚውለው። አብረን የተኩስ ልምምድ ብንሄድ ይፈታ ይሆናል ብዬም አስባለሁ።

ባልደረባዬ «ብሩን ስጠኝ፤ በእኔ ስም ገዝቼ እኔ ቤት ላስቀምጥልህ። ሚስትህ ስትረጋጋ ትወስደዋለህ» ብሎኛል። እሱ ግሪን ካርድ ነው ያለው። ልግዛው ወይስ ልተወው?

የሃምሳ አለቃው ልጅ፣ ከጋርላንድ

*

የሃምሳ አለቃው ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። አባትዎ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ለቅሶ ቤት የገባሁ ያህል ተሰማኝና ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፤ እሱ ቀን የሚሰጥ አይደለም። ለባልደረባዎ ብር ካልሰጡ፣ እባክዎ አይስጡ። ሰጥተውም ከሆነ ዛሬውኑ ይቀበሉት። እዚህ አገር ከመደብር ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ቅጽ 4473 የሚባል ወረቀት ይሞላል። እዚያ ላይ «የዚህ መሣሪያ እውነተኛ ገዢ አንተ ነህ?» የሚል ጥያቄ አለ። በእርስዎ ብር፣ ለእርስዎ እየገዛ «አዎ» ብሎ ከፈረመ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። «ሁለታችንም መግዛት የምንችል ሰዎች ነን፤ ምን ችግር አለው?» ሊሉኝ ይችላሉ። አንድ የቀድሞ ፖሊስም እንዲሁ ብሎ ነበር። በአጎቱ ብር ለአጎቱ ሽጉጥ ገዛ። አጎትየው ራሱ ሄዶ መግዛት የሚችል ሰው ነበር። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2014 ተፈረደበት። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስር ሊደርስ ይችላል። ባልደረባዎ ዜጋ ስላልሆነ ለእሱ መዘዙ የባሰ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ሰውየው በቅንነት ሊረዳዎ አስቦ ይሆናል። ለእሱም ሲሉ እምቢ ይበሉት።

አሁን ወደ አባትዎ ልመለስ።

እኔ ስለ ጠመንጃ የማውቀው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤዎን፣ ማንነትዎን ሳልገልጽ፣ የድሮ መሣሪያ ለሚሰበስብ አንድ ወዳጄ አነበብኩለት። «ቅጭል!» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ። «እሱ እኮ ካርባይን አይደለም» አለኝ። አውራ ጣታቸው ላይ ስደርስማ ሳቀ። «በቃ፣ ጋራንድ ነው!»

እንዳስረዳኝ ላስረዳዎ። «ኤም ዋን» የሚባሉት ሁለት የተለያዩ ጠመንጃዎች ናቸው። አንደኛው ጋራንድ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1936 የተቀበለው ረጅሙ የእግረኛ ጠመንጃ ነው፤ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ያልፋል። ስምንት ጥይት አቅፋ የምትይዝ ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ጥይቱ የሚጎርሰው እሷን ከላይ በአውራ ጣት ወደ ውስጥ በመግፋት ነው። ወታደሩ እጁን ቶሎ ካላነሳ ብረቱ በኃይል ተመልሶ ጣቱን ይይዘዋል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለዚህ ጉዳት ስም አውጥተውለታል፤ «የኤም ዋን አውራ ጣት» ይሉታል። ስምንተኛዋ ጥይት ስትተኮስ ቆርቆሮዋ ተስፈንጥራ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ነው «ቅጭል» የምትለው። አባትዎ በምላሳቸው ያሰሟችሁ የነበረው እሷን ነው።

ሁለተኛው ካርባይን ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ያዩት። አጭርና ቀላል ነው፤ 2.5 ኪሎ ገደማ። ጥይቱም አነስ ያለ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ረጅም ጠመንጃ ተሸክመው መሥራት ለሚቸግራቸው ለመኮንኖች፣ ለሾፌሮች፣ ለሬዲዮ ሠራተኞች ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። አንደርውድ የተባለው የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ ሳይቀር ሠርቶታል። ካዝናው ከሥር ወጣ ብሎ ይታያል፤ 15 ጥይት ይይዛል። ጣት አይነክስም። ጥይቱ ሲያልቅም «ቅጭል» አይልም። ሁለቱም ከፊል አውቶማቲክ ናቸው፤ ቃታው አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ይወጣል፣ ቀጣዩ ራሱ ይጎርሳል።

የቃኘው ወታደሮች ኮሪያ የተዋጉት በአሜሪካ መሣሪያ ስለሆነ ሁለቱም በእጃቸው ገብቶ ሊሆን ይችላል። ግን አባትዎ የነገሯችሁ ታሪክ የጋራንድ ታሪክ ነው። እርስዎን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣዎ ጠመንጃ ሌላ ነው። 1,200 ዶላር ከፍለው፣ ከባለቤትዎ ተጣልተው፣ ቤት ካስገቡት በኋላ አንድ ቀን ይህን ቢሰሙ እንዴት ይሆኑ ነበር? እኔ ሳስበው ደነገጥኩ።

የቤታችሁ ፎቶ አልበም ውስጥ አባትዎ ኮሪያ የተነሱት ፎቶ ካለ ያውጡት። ጠመንጃ ይዘው ከሆነ ርዝመቱን ይዩ። ከሥር ካዝና ወጥቶ ይታያል ወይስ አይታይም? እህት ወንድሞችዎንም ይጠይቁ። በ1969 የተወሰደውስ የትኛው ነበር? እናትዎ ካሉ ወይም ታላላቆችዎ ካሉ የሚያስታውስ ይኖራል። ምናልባት ውጅግራ ይሆናል፣ ምናልባት ምንሽር። የአምስት ዓመት ልጅ አባቱ ሲያለቅስ ሲያይ የጠመንጃውን ዓይነት ልብ አይልም። የሚያስታውሰው እንባውን ነው።

ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ሌላም ነገር አስተዋልኩ። መጀመሪያ ላይ የአባትዎ መታሰቢያ ነው። መሐል ላይ ሌባ መከላከያ ሆነ። መጨረሻ ላይ ልጅዎን ከክፍሉ ማውጫ። አንድ ጠመንጃ ሦስት ሥራ ተሰጠው። እኔ ስጠረጥር የመጀመሪያው ብቻ ነው የልብዎ። የቀሩት ሁለቱ ባለቤትዎን ለማሳመን የተጨመሩ ይመስሉኛል። ተሳስቼ ይሆን?

የሌባው ነገር ብዙ አያቆየንም። 80 ዓመት የሞላው፣ ስንት መጋዘን ሲንከባለል የኖረ ብረት ለዚህ የሚሆን ዕቃ አይደለም። ወዳጄ እንዳለኝ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ባለሙያ ሳይፈትሸው መተኮስ ራሱ አደጋ ነው። የአሜሪካ ቤት ግድግዳ ደግሞ እንደኛ ድንጋይ አይደለም፤ በእንጨት ላይ የተለጠፈ ስስ ሰሌዳ ነው። ጥይቱ ሳሎን ተተኩሶ የልጆች መኝታ ቤት ሊደርስ ይችላል። የተሰበረው ጋራዥ ነው፤ ለጋራዥ ጥሩ ቁልፍ፣ መብራትና ካሜራ ይበቃዋል።

የልጅዎ ነገር ግን አሳሰበኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ከጠመንጃው ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የሚወደውን ኳስ የተወ፣ በሩን የሚዘጋ የ15 ዓመት ልጅ። የጉርምስና ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል። በደብዳቤ ሆኜ ይህ ነው ልልዎ አልችልም፤ እርስዎም በር ላይ ቆመው ማወቅ አይችሉም። በኛ ማኅበረሰብ የማይወራ አንድ ነገር ግን አለ። እዚህ አገር በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት ሌላ ሰው ተኩሶባቸው አይደለም፤ በገዛ እጃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 26 ሺህ የሚያልፉ ሰዎች እንዲህ ሞተዋል። ሰው ራሱን ሊጎዳ የሚያስበው ብዙ ጊዜ ለአጭር ሰዓት ነው፤ ያቺ ሰዓት ካለፈች አብዛኛው ይተርፋል። ጠመንጃ ግን ያቺን ሰዓት አይታገስም። ስለዚህ ልጅዎ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቤት ውስጥ ምንም መሣሪያ አይግባ እላለሁ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሕጉም አለ። ቴክሳስ ውስጥ ዕድሜው ከ17 በታች የሆነ ልጅ የጎረሰ መሣሪያ እንዲያገኝ በቸልተኝነት የተወ ሰው ይከሰሳል። «ካዝና ውስጥ እቆልፍበታለሁ» ይሉኝ ይሆናል። (አማርኛችን ይገርማል፤ ጥይት የሚጎርስበትንም ጥይት የሚቆለፍበትንም ካዝና ነው የምንለው።) ጥሩ ነው፣ ግን የ15 ዓመት ልጅ የአባቱን ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ የማያውቅበት ቤት አላየሁም።

ልጅዎን ዛሬ ማታ ወይም ነገ መኪና ውስጥ ያናግሩት። መኪና ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። «ምን ሆንክ?» አይበሉት። «ኳሱን እንደተውክ አይቻለሁ። ናፍቆኛል አንተን ሜዳ ላይ ማየት» ይበሉትና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይርዘም፤ አይፍሩት። ራሱን ስለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅም ይችላሉ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ ያስይዙለት። የትምህርት ቤቱን አማካሪም ያነጋግሩ። ነገሩ ካስፈራዎ ራሱን ሊጎዳ ለሚያስብ ሰውና ለቤተሰቡ የተዘጋጀ የእርዳታ ስልክ አለ፤ 988 በማንኛውም ሰዓት ይደወላል፤ የጽሑፍ መልእክትም ይቀበላሉ።

ስለ ባለቤትዎ የጻፉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ደጋግሜ አነበብኩ። «ግን ያ የሀገር ቤት ነገር ነው።» ወንድሜ ሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የአባትዎ ጠመንጃ መወሰዱም እኮ የሀገር ቤት ነገር ነው። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። እርስዎ ግን ዛሬም እንቅልፍ ያጡበታል። እርሷም ያቺን ጥይት እንደዚያው ተሸክማ ነው እዚህ የደረሰችው። ወንድሟ የሞተው በጦርነት አይደለም፣ በጠላት እጅም አይደለም። ሠርግ ላይ ነው፤ ደስ ያለው ሰው በተኮሰው። ለእርሷ «ጠንቃቃ ሰው ነኝ» የሚለው ቃል ምንም አይነግራትም። ያን ቀን የተኮሰውም ማንንም ልጎዳ ብሎ አልነበረም።

ያን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አውርታልዎ ታውቃለች? ሠርጉ የማን ነበር? መርዶውን ማን ነገራት? ካላወቁ ይጠይቋት። ስለ ጠመንጃው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ነው የሚጠይቋት። ለማሳመን አይደለም። ቡና ይፈላ፣ ልጆቹ ይተኙ፣ እርስዎ ያድምጡ። «እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» ያለችው ሴት ትዳሯን ልታፈርስ ፈልጋ አይመስለኝም። በቤቷ ውስጥ ሁለተኛ ሬሳ ማየት ፈርታ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ እርስዎ ስለ 1969 ይንገሯት። አባትዎ ሲያለቅሱ ማየትዎን ታውቃለች?

እርስዎ እርም አላወጡም። እኔ ከደብዳቤዎ ያነበብኩት ይህን ነው። ቀብር በስልክ አይቀበርም። አፈሩን አልያዙም፣ ሬሳውን አልሸኙም፣ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን አልተቀመጡም። በድሮው ደንብ ዘማች ሲሞት ጠመንጃው፣ ልብሱ፣ ኒሻኑ ለቅሶው ላይ ይወጣል። አልቃሿ ያን እያየች ትገጥማለች፣ ሰው ያን እያየ ያለቅሳል። የእርስዎ አባት ለቅሶ ላይ የሚወጣ ጠመንጃ አልነበረም፤ ከተወሰደ ስንት ዘመኑ። ማስታወቂያውን ሲያዩ እንቅልፍ ያጡት ለዚህ ይመስለኛል። ሞኝነት አይደለም። ከአባቶቻችን የመጣ ነገር ነው። ብቻ ለቅሶው 1,200 ዶላር ከፍሎ በፖስታ አይመጣም።

ያ ብር የአዲስ አበባ ቲኬትን ጥሩ አድርጎ ይጀምረዋል። የሚሄዱበት ጊዜ ካገኙ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። መቃብራቸው ላይ ይቁሙ፤ ካህን ጠርተው ፍትሐት ያስደርጉ። ከዚያ አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ይውሰዱት። ልጅዎ ስለ አያቱ የሚማርበት ቦታ ቢኖር እሱ ነው። ዘንድሮ ካልሆነ የከርሞ ሙት ዓመታቸውን እዚያው ጋርላንድ ያድርጉ። ሰው ይጥሩ፣ ፎቶውን በጥቁር ልብስ አስጊጠው ያውጡ፣ ስለ ኮሪያ የነገሯችሁን ለተሰበሰበው ሰው ይናገሩ። «ቅጭል» የምትለዋንም አይርሱ።

ጠመንጃውንስ ጨርሰው ይተዉት? ይህን ካርባይን አዎ፤ ይለፍዎ። ከአባትዎ ጋር የሚያገናኘው «ከኢትዮጵያ የመጣ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ነገ ለሥራ ኒው ጀርሲ ቢዛወሩ፣ እዚያ በስም ተጠቅሶ የተከለከለ ጠመንጃ ነው፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ ይህን አያስቡም። ምናልባት ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ልጅዎ ደህና ሆኖ፣ ባለቤትዎም ከልቧ «ይሁን» ብላ፣ አሁንም ፍላጎቱ ካለ፣ ያን ጊዜ ስለ ጋራንድ እናውራ። ከአሜሪካ ጦር የወጡትን አሮጌዎቹን ጋራንዶች ለዜጎች የሚሸጥ ሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም የሚባል ተቋም አለ፤ አላባማ፣ አኒስተን ውስጥ መደብር አለው። በራስዎ ስም፣ በግልጽ፣ ባለቤትዎ እያወቀች የሚገዛ ነው። እስከዚያ መንካት ብቻ ከፈለጉ ጋራንድ ያላቸው ሰዎች የሚሰባሰቡባቸው የተኩስ ክለቦች አሉ። ለባለቤትዎ ነግረው አንድ ቅዳሜ ይሂዱ። ስምንት ጥይት ይተኩሱ፣ ድምፁን ይስሙ፣ ባዶ እጅዎን ይመለሱ።

ባዶ እጅዎን እንኳ አይደለም። ወዳጄ የነገረኝን አንድ ነገር ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር። ያቺ ስምንት ጥይት የምታቅፈው ቆርቆሮ ለብቻዋ ትሸጣለች። ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው። መሣሪያ አይደለችም፤ ቅጽ የላትም፣ ቁልፍ አትፈልግም፣ ማንንም አታስፈራም። ጠረጴዛ ላይ ጣል ሲያደርጓት ያንኑ ድምፅ ትሰጣለች ብሎኛል። ልጅዎ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ እንዲያዝልዎ ይጠይቁት። ለምን እንደፈለጓት ሲጠይቅዎ፣ ከአያቱ የአውራ ጣት ጥፍር ይጀምሩለት።

ፎቶውን ካገኙት ይጻፉልኝ። ረጅሙን ይዘው እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።